ትርፍራፊ ኪኒን

የአብዱልፈታ እግር ላይ ያመረቀዘው ቁስል ደሙን ከመረዘው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ፓርክላንድስ የሚባለው ሰፈር ያለው ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ የላብራቶሪውን ወረቀት ለሚስቱ ለሰዲቃ ዘርግታ በስዋሂሊ አስረዳቻት። ቁስሉ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያን አንቲባዮቲክ ይገድለዋል፤ ይኼኛው ግን መድኃኒቱን ለምዶታል። ወረቀቱ ላይ የአሥራ አንድ መድኃኒት ስም ተደርድሯል፤ በሁሉም ትይዩ ያለው ፊደል አንድ ነው፤ ባክቴሪያው አይበገርለትም ማለት ነው።

ሰዲቃ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። ሰባቱን ታውቃቸዋለች። ኢስሊ ሰፈር ያለው ቤቷ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉ። አብዱልፈታ ገና ሻል ሲለው «ይበቃሃል፣ ኪኒን ሲበዛ ጉበት ይጎዳል» ትለውና የተረፈውን ለሚቀጥለው በሽተኛ ታስቀምጣለች። ከሚኖሩበት ፎቅ ነዋሪ ከዚያ ቆርቆሮ ያልዋጠ የለም። ስትመረቅበት ኖራለች።

«ሌላ መድኃኒት የለም?»

«ያለንን ሁሉ ሞክረናል» አለች ሐኪሟ።

ቅያሪ ልብስ ልትወስድለት ቤቷ ስትገባ ጎረቤቷ አጸደ ተከትላት መጣች። ልጇን ጉንፋን ይዞታል።

«ያቺን ቀይና ቢጫዋን ኪኒን ስጪኝ፤ ሁለት ፍሬ ብቻ።»

«ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ ምንም አታደርግለትም» አለች ሰዲቃ። «አልሰጥሽም፣ አጸድዬ።»

አጸደ ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየችው። አልተቀየመችም።

«ይሁን እህቴ፣ ያለሽ ኪኒን ለአብዱልፈታ ይሁነው፤ እግዜር ይማረው» አለች። «እኔ ከታች ፋርማሲው እገዛለሁ። በፍሬ ይሸጥልኛል።»