ሠላሳኛዋ ፊርማ

እናቷ ደብረ ብርሃን ላይ ያረፉ ዕለት እቴነሽ በምትኖርበት ሮም ለለቅሶ መቀመጫ አዳራሽ ለመነች፤ የመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሸዋንግዛው ግን ቁልፉን ከለከሏት። «አባልነትሽን ሳታድሺ የምን አዳራሽ ነው?» ብለው ስልኩን ዘጉባት። ሊያስተዛዝናት የመጣው ሰው ፒያሳ ቪቶሪዮ ጀርባ፣ ከተቆለፈው በር ፊት ዝናብ እየመታው አለቀሰላት። እሷም በማግስቱ ባዳንቴ ሆና ወደምትጦራቸው ጣሊያናዊት አሮጊት ቤት ቂሟን ይዛ ገባች።

በሦስተኛው ዓመት አባላቱ በሊቀመንበሩ ተማረሩና «ይውረዱልን» ብለው ፈረሙ፤ ምርጫም ተቆረጠ። በደንቡ መሠረት ለቦታው የሚወዳደር ሁሉ የሠላሳ አባላት ፊርማ ያቀርባል። ይውረዱ የተባሉትም ሠላሳ ካገኙ መወዳደር ይችላሉ። አንድ አባል ግን የሚፈርመው ለአንድ ዕጩ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አባልነቷን ያደሰችው እቴነሽ ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ደጋግማ አነበበቻት።

ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ፣ ከሥራ በምታርፍበት ጊዜ፣ ቲቡርቲናና ሮማኒና ሰፈር እየዞረች፣ ገበያ በርበሬ የሚገዛውንም እያስቆመች ታስፈርም ጀመር። ለማን? ከአቶ ሸዋንግዛው በቀር ለማንኛውም ዕጩ! ለምትወዳት ለሲፈንም፣ ለተጣላችው ለመርሃዊም። «ብቻ ለአንዱ ፈርምና ተገላገል» ትላለች። አቶ ሸዋንግዛው የሰው ደጅ ሲጠኑ መልሱ አንድ ሆነባቸው፦ «ውይ ጋሼ፣ ፈርሜያለሁ እኮ!»

ማቅረቢያው እሑድ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል አዳራሹ ደጅ ወደቆመችው እቴነሽ መጡ፤ ፊታቸው በላብ ተጠምቋል።

«አንቺ አልፈረምሽም አሉኝ።»

«አልፈረምኩም።»

«ሃያ ዘጠኝ አለኝ፤ አንዲት ጎደለችኝ።» ወረቀቱን ዘረጉላት። «ያለፈው አለፈ፤ እሺ፣ ቫ ቤኔ?»

«ምኑ ነው ያለፈው፣ ጋሼ?»

ግራ ገብቷቸው አዩዋት። ረስተውት ኖሯል! እሷ ሦስት ዓመት ስታመነዥገው የኖረችውን እሳቸው ረስተውታል። ደሟ ፈላ።

እምቢ ልትል አፏን ከፈተችና ቆም አለች። እምቢ ካለች እኚህ ሰው «ወረቀት አገደኝ እንጂ ሕዝቡስ ይወደኝ ነበር» እያሉ ዕድሜያቸውን ሊኖሩ ነው።

«ያምጡት» አለችና ስሟን አሳምራ ጽፋ ፈረመች።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«እርስዎንም እንደ ሥራዎ ይስጥዎ» አለች ለስለስ ብላ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። አባላቱ ሊቀመንበሩ እንዲወርዱ ወሰኑ፤ በምትካቸውም ሲፈንን መረጡ። ከሁለት መቶ አሥር መራጭ አቶ ሸዋንግዛው ያገኙትን ድምፅ አስመራጩ ሙስጠፋ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ስምንት።» አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ከፈረሙላቸው ሠላሳ ሰዎች እንኳ ቢያንስ ሃያ ሁለቱ ከድተዋቸዋል። ካፖርታቸውን ሳይለብሱ በክንዳቸው አንጠልጥለው ወጡ።

እቴነሽ አልሳቀችም። መስኮቱ ዘንድ ሄዳ እስከ ትራም ፌርማታው ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው። አሁን ያዝንላቸው ይሆናል ብላ ልቧን ጠበቀችው። አላዘነም። ተመልሳ ተቀመጠችና የሲፈንን ንግግር ታዳምጥ ጀመር።