አሥራ አንድ ቁጥር ማሊያ

የክለባችንን ማሊያ ሠላሳ ዓመት ያጠብኩት፣ የተኮስኩት፣ ሲቀደድም የሰፋሁት እኔ ነኝ። በጨዋታ ቀን፣ ተጫዋቾቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ የእያንዳንዱን ማሊያ በየመስቀያው እሰቅላለሁ። አሰልጣኙ የሚነግረኝ ግማሹን ብቻ ነው፤ ቀሪውን በልማድ አውቀዋለሁ። አዲሱ ተጫዋች ቆዳው ጥቁር ከሆነ ሰባት ወይም አሥራ አንድ ነው፣ ማለትም ክንፍ። «እነሱ መቼም ለሩጫ የተፈጠሩ ናቸው» እንባባላለን። ያሞገስናቸው መስሎን ነው እኮ!

ቀያሿ የሴቶቹን ቡድን የተቀላቀለችው ዘንድሮ ነው። ቅጽል ስሟ ከሥራዋ የመጣ ነው፤ መሬት ስትለካ ነው የምትውለው። አባቷ፣ አሁን የአውቶቡስ ሾፌር የሆነው፣ በጉብዝናው ጊዜ «ነፋሱ» የምንለው የኛው ክንፍ ተጫዋች ነበር። ቆዳዋም እንደ እሱ ጥቁር ነው፤ ስለዚህ ምንም ሳልጠይቅ የአባቷን አሥራ አንድ ቁጥር ሰቀልኩላት። ልጅቷ ግን ሩጫ ላይ ኤሊ ናት። አራት ጨዋታ ሙሉ በመስመሩ ዳር ስታለከልክ ከረመች። አሰልጣኙም «ቅዳሜ ካልተሻልሽ ከቡድኑ ትወጫለሽ» አላት።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ማሊያውን አውርዳ፣ አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ስሮጥ አይተውኝ ያውቃሉ?»

«አይቻለሁ። እግዜር ይማርሽ።»

ሳቀች። «ታዲያ ለምን አሥራ አንድ ይሰቅሉልኛል?»

ምን ልበላት? ቆዳሽን አይቼ ነው ልበላት? በዚህ ሽበቴ አፈርኩ።

«እኔ የማውቀው ርቀት ነው» አለች። «መሐል ሜዳ ልቁም፤ ኳሷ የት እንደምታርፍ በዓይኔ እለካለሁ። ዛሬን ብቻ።»

መሐል ሜዳ የምትጫወተው የስምንት ቁጥሯ ባለቤት እግሯን ታማ ስለነበር ስምንትን ሰቀልኩላት። አሰልጣኙ ገብቶ ሲያይ ደም ሥሩ ተገተረ።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ከተሸነፍን የትጥቅ ክፍሉን ቁልፍ ተቀበለኝ» አልኩት።

ወይ ያቺ ልጅ! ሳትሮጥ ሁሉንም አስሮጠቻቸው። ቆም ትላለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ ከዚያ ኳሷን ሜዳውን አሻግራ ጓደኛዋ እግር ሥር ታስቀምጣታለች። ሦስት ጎል አገባን፤ ሦስቱም ከእሷ እግር የተነሡ። እንደዚያ ያለ ዓይን በሠላሳ ዓመቴ አላየሁም፤ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። አሰልጣኙ እንኳ፣ ያ ግትር ሰውዬ፣ ጨዋታው ሲያልቅ «ስምንት ያንቺ ነው» አላት።

አባቷ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ጉልበቱ ያኔ በሩጫ ስላለቀ ያነክሳል። እየተፍለቀለቅሁ ሄድኩና «ነፋሱ! ልጅህ ግን ባንተ አልወጣችም፤ ሩጫ አትወድም!» አልኩት።

ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳይነቅል ፈገግ አለ።

«እኔስ መቼ ወድጄ አውቃለሁ?» አለኝ። «በረኛ መሆን ነበር የምፈልገው።»

አሥራ አንድ ቁጥርን አሥር ዓመት ሙሉ የሰቀልኩለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።