አነፍናፊዋን ጉንፋን የያዛት ቀን

ነርሷ የማትረንን በር በመዳፏ ሦስቴ ደበደበችና መልስ ሳትጠብቅ ገባች።

"ቁልፉን ይስጡኝ!"

የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ የሆኑት ማትረን የተረኞች ዝርዝር ላይ እንዳቀረቀሩ በመነጽራቸው አናት አዩዋት። "መጀመሪያ እንደምን አደሩ ይባላል።"

"እንደምን አደሩ። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ይስጡኝ።"

"ምን ልታወጪ?"

"የትንፋሽ መመርመሪያውን።"

ማትረን ብዕራቸውን አስቀመጡ። ነርሷ የማትረንን ልማድ ታውቃለች፤ ብዕር ካስቀመጡ ነገሩ ሊረዝም ነው። እሷ ደግሞ ጊዜ የላትም። ተናዳለች፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ግማሹ ንዴት በራሷ ላይ መሆኑ ነው።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ተቀምጣ ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ የምትለው እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። የሥራ ባልደረቦቿ "ሲስተር አነፍናፊ" ይሏታል። የስኳር ሕመምተኛ ደሙ አሲድ ሲሞላ ትንፋሹ ይለወጣል፤ ያለፈበት ፍራፍሬና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የተቀላቀለበት ዓይነት ሽታ ያመጣል። ይህ ሽታ ጨርሶ የማይሸታቸው ሰዎች አሉ፤ ወጣቱ ዶክተር አንዱ ነው። እሷ ግን ሕመምተኛው አልጋ ላይ ሳይወጣ ታውቀዋለች። "አነፍናፊን ጥሩልኝ" ሲባል ስትሰማ እየሳቀች ትሄዳለች። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላት ነበር።

ባለፈው ዓመት መሣሪያው መጣ። የእጅ ስልክ የሚያህል ነገር ነው፤ ሕመምተኛው እፍ ይልበታል፣ ያንኑ ሽታ ለክቶ ቁጥር ያወጣል፤ መርፌ የለው፣ ደም የለው። ግማሽ ቀን ስልጠና ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ማትረን በስማቸው ፈርመው ተረከቡት፤ በስማቸው ስለፈረሙም እንዳይሰበር ቆለፉበት። ማንም አልጠየቃቸውም። ምን ቸገራቸው! አነፍናፊ በር ላይ አለችላቸው።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ሚስቱን ደግፎ መጣ። ከስፌት መኪናው ላይ ተነሥቶ እንደመጣ ያስታውቃል፤ ሜትሩ ገና አንገቱ ላይ ነበር። ሚስቱ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፣ ስኳርም አለባት። ሁለት ቀን ሙሉ ስታስመልስ ከርማ፣ ምግብ ካልገባ መርፌው ምን ያደርጋል ብላ ኢንሱሊኗን ትታዋለች። ጣቷን ወግተው ሲያዩት ስኳሯ ሁለት መቶ ሠላሳ ሆነ። ከፍ ብሏል፤ የሚያስጮህ ግን አይደለም።

"ሲስተር፣ እስቲ አሽቺልኝ" አለ ዶክተሩ።

ጎንበስ ብላ አሸተተች። "የለም" አለች።

"እንግዲያው የእርግዝና ማስመለስ ነው። ወደ እርጉዞች ክትትል ትሂድ፣ እዚያ ወረፋ ትያዝ።"

ልብስ ሰፊው "ደህና ናት ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። "ደህና ናት" አለችው። ወዲያው አፍንጫዋን በሶፍት ጠረገች።

አንድ ሰዓት አለፈ። የጽዳት ሠራተኛዋ የበረኪናውን ጀሪካን ደፋችው። መተላለፊያው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ በሩ ተንጋጋ።

"ኧረ ሲስተር ተነሺ! ዓይኔ እኮ ጠፋ!" አለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

"ምን ሆንሽ?"

"በረኪናው ነዋ! አንቺን አይሸትሽም እንዴ?"

ነርሷ ሶፍቷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሦስት ቀን ጉንፋን ይዟታል። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልሸተታትም፤ አንዴም ልብ አላለችውም። ከዚያ ሮጠች።

እርጉዟ ክትትል ክፍል በር ላይ፣ ከአሥራ አራት ሴቶች ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠቅልላ ነበር። ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው በረጅሙና በፍጥነት ትተነፍሳለች። አልጋ ላይ ሲያወጧት የባሏን ስም ሳይሆን የእናቷን ስም ጠራች። ዶክተሩ ፈሳሽ ሰቀለላት። አሲዱን ለመመርመር ሽንት ጠየቋት፤ ጠብታ የላትም። ደሟ ላብራቶሪ ሄደ፤ ውጤቱ ከሁለት ሰዓት በፊት አይደርስም።

"ለእርጉዝ ሴት በግምት ኢንሱሊን አልሰቅልም" አለ ዶክተሩ ላቡን እየጠረገ። "እርግጠኛ የሚያደርገኝ ነገር እፈልጋለሁ።"

የማትረንን በር ያስደበደባት ይህ ነው።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አሉ ማትረን። "መሣሪያው ከመጣ ዓመቱ። አንድ ቀን መጥተሽ ጠይቀሽኛል?"

ቃሉ ልክ ስለነበር አቃጠላት። "አልጠየቅኩም። ይኸው አሁን ጠየቅኩ።"

"በስሜ ነው የፈረምኩት፣ ልጄ። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቶኛል። ከእጃችሁ ቢወድቅ እኔ ነኝ የምጠየቀው።"

"ሴትዮዋስ ስትወድቅ ማን ይጠየቃል? ከነልጇ እየሄደች እኮ ነው! ማነው የፈረመላት?"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"አልቀንስም! ቁልፉን ካልሰጡኝ ቁም ሣጥኑን ተሸክሜው እሄዳለሁ። እሱም በስምዎ ከሆነ ይከተሉኝ።"

ማትረን ከደረት ኪሳቸው ቁልፉን አወጡና ቁም ሣጥኑን ራሳቸው ከፈቱት። መሣሪያው ስስ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠለትም። ነርሷ ማብሪያውን ተጫነችው፤ አልበራም። እንደገና ተጫነችው።

"ባትሪው አልቋል" አለች። "ዓመት ሙሉ ጠብቀው ጠብቀው ገደሉት!"

ማትረን ከመሳቢያቸው የቻርጅ ገመዱን ይዘው፣ ለሠላሳ ዓመት ሮጠው በማያውቁት እግራቸው ቀድመዋት ወጡ።

አልጋው አጠገብ ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ የዶክተሩ ስልክ ተሰክቶ ነበር። ማትረን ነቅለው ወረወሩለትና መሣሪያውን ሰኩት። በራ። ነርሷ አፍ ማስገቢያውን በሴትየዋ ከንፈር መሐል አደረገች።

"የኔ እናት፣ በረጅሙ እፍ በይ። እስከ አሥር።"

አራት ላይ አቋረጠች። እንደገና ሞከሩ፤ ስድስት ላይ አቋረጠች። ልብስ ሰፊው ተንበርክኮ ጉንጯን በሁለት እጁ ያዘ። "እንደ ልጃችን ልደት ፊኛ አድርገሽ ንፊው። በዚያን ቀን እኮ አንድም አላስነካሽኝም። አንድ... ሁለት..." ዘጠኝ ሲል መሣሪያው ጮኸ። ቁጥሩ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ከአደጋው መስመር ሦስት እጥፍ አልፏል።

ዶክተሩ ቁጥሩን አይቶ ሁለተኛ አልጠየቀም። ኢንሱሊኑ ተሰቀለ፣ ፈሳሹ ተጨመረ። አዋላጇ መጥታ ሆዷን አዳመጠችና "አለ፤ ልቡ ይመታል" አለች። የላብራቶሪው ወረቀት የመጣው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ መሣሪያው ያለውን ደገመው። በዚያን ሰዓት የሴትየዋ ትንፋሽ ረገብ ብሎ ነበር። ገና አልተሻገረችም፤ ግን ባሏን በስሙ ጠርታ ውሃ ለመነችው።

ልብስ ሰፊው ውሃውን አጠጥቶ ሲያበቃ ወደ ሐኪሞቹ ዞረ። እጆቹ ተጨብጠው ነበር።

"ጠዋት እዚሁ አልነበርንም? ደህና ናት ብላችሁ አይደል የሰደዳችሁን? ማነው ደህና ናት ያለው?"

"ወንድሜ፣ ይኸ ሕመም ተለዋዋጭ ነው" አለ ዶክተሩ። "ጠዋት ምልክት አልነበረውም።"

ነርሷ ቀና ብላ አየችው። ውሸቱ እንዴት እንደተመቸው አየች፤ ለእሷም እንዴት እንደሚመቻት አየች።

ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ዶክተሩ የሕመምተኛዋን ካርድ ዘረጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የመጣችበትን ሰዓት አራት ተኩል እንበለው። የጠዋቱ ምርመራ ያለው ወደ ክትትል በላክንበት ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እዚህ ካርድ ላይ አልገባም።"

"ልጁ ልክ ነው" አሉ ማትረን። "በጤና ከተረፈች ምን ነገር ያስቆፍራል? ሲጠየቅ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ለአንቺው ብዬ ነው።"

"ይገባኛል።"

"እንግዲያው?"

"ሰዓቱን አራት ተኩል ካልነው መሣሪያው ነገ ወዴት ይመለሳል?"

የማትረን እጅ ቁልፉ ወዳለበት የደረት ኪሳቸው ሄደ። ነርሷ ካርዱን ወደ ራሷ ሳበችና በትልልቅ ፊደል፣ ሳትቸኩል ጻፈች።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ደርሳለች። ትንፋሿን በአፍንጫዬ አሽትቼ የለም ብያለሁ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። መመርመሪያው ተቆልፎ ነበር።

ስሟን ጽፋ ፈረመችበት። ከዚያ ካርዱን ወደ ዶክተሩ ገፋ አደረገችና ብዕሩን ዘረጋችለት።

"በል፣ አሽቺልኝ ያልከኝን አንተ ጻፍ።"