አሥራ አንደኛው ምዕራፍ

ፊደሎቹ ትልልቅ ነበሩ። መስመሩ ሁሉ በማስመሪያ ተደግፎ እንደተጻፈ ያስታውቃል፤ የፊደሎቹ እግር እኩል ተቆርጧል። አንባቢዋ ወረቀቱን ከክምሩ ላይ ስታነሳው መጀመሪያ የተማሪ ሥራ መስሏት ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ግን፣ እንዲህ አድርጎ የሚጽፈው የእጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅበት የሚፈልግ ሰው ነው ብላ አሰበች።

ዓመቱ ሲያልቅ በራዲዮ ጣቢያው የተለመደ ሥራ አለ። አድማጮች በዓመቱ ውስጥ የወደዷቸውን መጻሕፍትና የቴሌቪዥን ድራማዎች ከመጨረሻው ወደ አንደኛው ዘርዝረው ይልካሉ፤ እሷ ጥሩ ጥሩውን መርጣ በአየር ላይ ታነባለች። ዘንድሮ ስልሳ ያህል ደብዳቤ መጥቷል። አብዛኞቹ «ክብርት አንባቢያችን» ብለው ይጀምሩና ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም አስብለው፣ መጽሐፍ የሚባል ነገር ሳያነሱ ያልቃሉ። ይኼኛው ሰላምታ የለውም። ማንም አድማጭ ደፍሮ የማይላትን «አንቺ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

«አንቺ ባታውቂውም ዓመቱን አብሬሽ ነው የከረምኩት። የወደድኳቸው እነዚህ ናቸው» ይላል።

ስምንተኛው ስለ ጨው ነጋዴዋ የሚተርከው መጽሐፍ ነበር፤ «መሃሉ ላይ ይንዛዛል፤ አንቺም አዛግተሻል»። ሰባተኛው የሆስፒታሉ ድራማ ነው፤ «ነርሷ የሞተች ዕለት አለቀስሽ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ክፍል ሳትከፍቺው ቀረሽ፤ መጨረሻውን ፀጉር አስተካካዬን ጠይቄ ነው የሰማሁት»። እያለ ይወርዳል።

የጨው ነጋዴዋ መጽሐፍ በራዲዮ ተነብቦ አያውቅም። ለፕሮግራሙ ይሆን እንደሆነ ብላ ቤቷ ጮክ ብላ ሞክራው፣ አልሆነም ብላ የመለሰችው ነው። ድራማውንም ያየችው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ ብቻዋን ነው።

አራተኛው የድልድይ ጠባቂዋ ታሪክ ነበር። «አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርሺ ተውሽው። ለምን እንደተውሽው እገምታለሁ።» ከገጹ ግርጌ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛ፣ የዓመቱ ምርጥ ትወና። በዝናቡ ሰሞን በርሽ የተንኳኳ ማታ የወንድ ድምፅ አውጥተሽ ‹ማነው?› ያልሽው።»

ወረቀቱን አጠፈችው። ጀርባውን አላየችም። ሃያ ዓመት ሙሉ የጀመረችውን ገጽ ሳትጨርስ የማትነሳ ሴት፣ ይኼን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ቦርሳውን እግሯ ሥር አኖረችው።

የዚያን ማታውን ነገር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሷና፣ መልስ ሳይሰጥ ደረጃውን የወረደው፣ ያንኳኳው ሰው። እሷ ለማንም አልተናገረችም።

ባሏን ጥላ ከወጣች አሥራ አራት ወሯ ነው። እጁን ያነሳባት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሁለተኛው በኋላ ግን አንድ ወር ሙሉ አንገቷን ማዞር አልቻለችም። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ አልከለከላትም፤ በሩን ተደግፎ ቆሞ፣ በረጋ ድምፅ፣ «የትም ብትሄጂ ራዲዮ ከፍቼ አገኝሻለሁ» ብቻ ነበር ያላት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሷ እንጀራ ደግሞ በየቀኑ ከአፏ የሚወጣው ነው። ሁለት ጊዜ ጣቢያው በር ላይ መጥቶ ጥበቃዎቹ መልሰውታል። ቤቷን ግን አያውቀውም ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት እንደዚያ ነበር የምታምነው።

የክፍል ኃላፊዋ ሻይዋን ይዛ ስታልፍ ፊቷን አየችው።

«ምን ሆነሻል? ደብዳቤዎቹ አስተኙሽ እንዴ?»

«አንዱ ስም የለውም።»

«አይቼዋለሁ፤ እኔ ነኝ ከላይ ያደረግኩልሽ። ማን አባቱ እንደጻፈው እንጃ እንጂ ይችላል። ነገ ጠዋት በሱ ነው የምንከፍተው፤ ቤት ወስደሽ ተለማመጂው።»

«ይቅር ይኼ።»

«ለምን ይቀራል?»

አንባቢዋ ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አነሳች። አንድ ቃል ከተናገረች ሌላውም ተከታትሎ እንደሚወጣ ታውቀዋለች፤ በቢሮው ውስጥ ሰው ሁሉ አይቶ ከንፈሩን እንዲመጥላት ደግሞ አትፈልግም። ኮቷን አንስታ ወጣች፤ እንደ ልማዷ በጓሮ በር።

መንገድ ላይ ለወንድሟ ደወለች። ከእናታቸው ተደብቆ ነገሩን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አግኝቶኛል።»

ወንድሟ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ከጀርባው ሞተር ይጮሃል።

«አይተሽዋል?»

«አላየሁትም። ጽፎልኛል። ቤት ውስጥ የማደርገውን ሁሉ ያውቃል፣ ሳዛጋ እንኳን ያውቃል።»

«በይ ዕቃሽን ሰብስቢ። ጭነቴን አራግፌ አሥር ሰዓት ላይ እታች ጥሩምባ እነፋልሻለሁ፤ በዚህ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም። እስከዚያ በር ለማንም እንዳትከፍቺ።»

ከሕንፃው በር እስከ ሦስተኛው ፎቅ ስልሳ ስድስት ደረጃ ነው። በየመታጠፊያው ቆማ እያዳመጠች ወጣች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ የጥላ ጫፍ፣ የተሰቀለ መጥረጊያ፣ የሰው ጫማ ሁሉ እሱን ይመስላታል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤቷን ሽማግሌውን ደረሰችባቸው። በጥቁር መነጽራቸው፣ ግድግዳውን በአንድ እጃቸው እየዳበሱ፣ ምርኩዛቸውና የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ያለበት ፌስታል በሌላው እጃቸው፣ ቀስ ብለው ይወጣሉ። የሕንፃው ሰው «ጸጥታ» ይላቸዋል፤ በዓመት አንድ ቃል ከተናገሩ ብዙ ነው። ማተሚያ ቤት ይሠሩ ነበር የሚል ወሬ አለ። አከራዩ ድሮ አንድ የነበረውን ሰፊ ቤት ለሁለት ሲከፍለው ለእሷ የፊቱ፣ ለእሳቸው የጓሮው ደርሷቸዋል።

ጎናቸው ስትደርስ ፊታቸውን ወደ እርምጃዋ አዞሩ። ሰላም ሳትላቸው አልፋ ሮጠች። በሩን ከኋላዋ ሁለት ጊዜ ቆለፈችው፤ ወንበርም አስደገፈችው።

ቤቱ አንድ ክፍልና ኩሽና ነው። መጋረጃውን ዘጋች። አልጋው ሥር፣ መታጠቢያ ቤት፣ ከበሩ ኋላ አየች። ከአምፑሉ ላይ አንዳች ነገር ተሰክቶ እንደሆነ ብላ ወንበር ላይ ቆማ ፈተሸች፤ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ዳበሰች፤ አቧራ ብቻ እጇ ላይ ቀረ። የት ሆኖ ነው የሚያየኝ? ይኼን ቤት እኮ ወድጄው ነበር፣ አለች በልቧ። ምጣድ እንኳን በገዛ ምርጫዬ የገዛሁበት የመጀመሪያ ቤት ነበር። ከዚህ በኋላ የት ነው የምሄደው? ራዲዮውንስ ትቼ ምን ልሆን ነው?

ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች።

ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ፣ ሰው የሚያስቀምጥ ነው። ሥራዋን የምትለማመደው እዚያ ውስጥ ነበር፤ በርጩማ አስገብታ፣ በተሰቀሉት ኮቶችና ቀሚሶች መሃል፣ በእጅ ባትሪ እያየች። ጨርቅ ድምፅ ይውጣል ብሎ ያስተማራት ጣቢያው ያለ የድምፅ ባለሙያ ነው። ማታ ማታ ለእናቷ የምትደውለውም እዚያው ሆና ነው፤ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይሰማና እናቷ «የት ነሽ?» እንዳትላት። በዚያ ጨለማ ውስጥ ያላትን ያህል የትም ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም፤ ደህንነትም እንዲሁ።

ልብሱን ከነመስቀያው በክንድ በክንድ እየታቀፈች አልጋው ላይ ጣለችው። መጨረሻ የቀረውን ወፍራም ኮት ስታወርድ ከባዶው ቁም ሳጥን ውስጥ ሴት ተናገረች።

ድምፁ የራሷ ነበር።

ቀርጾኛል፣ አለች፤ ድምፄን ቀርጾ ከዚህ ውስጥ አስቀምጦታል። መስቀያው ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ጮኸ። ወዲያው ድምፁ ዝቅ አለ። የሚሰማ ሰው አለ ማለት ነው፤ የእሷን ኮሽታ ለመስማት የራሷን ድምፅ ዝቅ ያደረገ ሰው። ከወዲያ በኩል ሳል ተሰማ፣ የሽማግሌ ሳል፤ ከሳሉ በኋላ ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ የምትሰማው የጣቢያው መለያ ሙዚቃ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የጠዋቱ ፕሮግራሟ ድጋሚ ነበር።

እጇን ሰዳ የቁም ሳጥኑን ጀርባ ነካችው። ሲሚንቶ አልነበረም። ቀለም የተቀባ ስስ ሳንቃ ነው፤ አከራዩ ቤቱን ሲከፍል ገንዘቡን ሳስቶ በዚህ በኩል ግንብ አላቆመም። ጨርቁ የዋጠው ወደ መንገዱ የሚሄደውን ብቻ ኖሯል። ዓመቱን ሙሉ ፊቷን ወደ ሳንቃው አዙራ ነበር የምታነበው። አልጋዋም የተዘረጋው ከዚሁ ግድግዳ ተጠግቶ ነው።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን አወጣችና ገለበጠችው።

«የአንደኛውን ርዕስ አላውቀውም» ይላል ጀርባው። «በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አንዲት ልጅ ለእናቷ ትደውልና ‹ደህና ነኝ፣ እሱም ደህና ነው› ትላለች። ቃሉ ዓመቱን ሙሉ አልተለወጠም፤ ድምፁ ግን አንድም ቀን አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። አላመንኳትም።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ፊደል ስለቅም ኖሬ ዓይኔ አሁን ከማስመሪያው ጠርዝ ሌላ አያይልኝም። ጆሮዬን ደግሞ ነቅዬ አልጥለው። ይቅር በይኝ። በርሽን ባንኳኳ ትደነግጫለሽ ብዬ ነው በጣቢያሽ የላክሁት። ያን ማታ ያንኳኳው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ወንበሬን ከግድግዳው አስጠግቼ ምርኩዜን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌ ምን ሊፈይድ ነው ብትዪ፣ መጮህ እችላለሁ። አሥራ አንደኛውን ምዕራፍ ብትጨርሺልኝ ደስ ይለኛል። ካልሆነም ግድ የለም።»

ደስ አላት ማለት ውሸት ነው። መጀመሪያ የመጣባት እፍረት ነበር፤ ማዛጋቷ፣ ለቅሶዋ፣ ለእናቷ የምትዋሸው ሁሉ ሲሰማ ከርሟል። ከዚያ ተናደደች። ከንዴቱ ሥር ግን ፍርሃቷ እንዳለ ነበር፤ ሽማግሌው ያላንኳኩት በር በሰው ተንኳኩቷል፤ ያ ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይኼን ሁሉ እያሰበች እጇ ከቁም ሳጥኑ ጥግ የድልድይ ጠባቂዋን መጽሐፍ ሲያነሳ አየችው።

ምልክት ያደረገችበት ገጽ ላይ ከፈተችው። ለምን እንደተወችው ታውቃለች። የድልድይ ጠባቂዋ ባል ከዓመታት በኋላ ፋኖስ ይዞ ከወንዙ ማዶ የሚመጣው በዚህ ምዕራፍ ነው።

«ምዕራፍ አሥራ አንድ» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆን ቆርጣ እንደገና ትጀምር ነበር፤ እዚህ ቀጠለች።

ከሳንቃው ማዶ ራዲዮው ጠፋ።

አንድ ገጽ አነበበች፣ ሁለት ገጽ። ልብስ በሌለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ድምፅዋ ጎላ ብሎ ይሰማል፤ እንዲህ ሆኖ ሰምታው አታውቅም። ፋኖሱ ድልድዩ መሃል ደርሷል። የድልድይ ጠባቂዋ መዝጊያዋ ጋ ቆማ የድልድዩን ሳንቃ መንቋቋት ትቆጥራለች። አንባቢዋ ሦስተኛውን ገጽ ገለጠች።

በሩ ተንኳኳ።

የመጽሐፉ አልነበረም። የእሷ በር ነው። ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል። ወንድሟ አሥር ሰዓት ነው ያለው፤ እሱም ቢሆን ጥሩምባ ይነፋል እንጂ ደረጃ አይወጣም። ጥሩምባ ደግሞ አልሰማችም። በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ፣ ሳይቸኩል።

በዝናቡ ሰሞን ያወጣችውን የወንድ ድምፅ ጉሮሮዋ ውስጥ ፈለገችው፤ አለ፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። መጽሐፉን ሳትዘጋ በርጩማው ላይ አኖረችውና ተነሳች።

ከሳንቃው ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ወደ ግድግዳው ተጠጋ፣ ቆመ። ከዚያ የምርኩዝ ጫፍ ወለሉን አንድ ጊዜ መታ።

አንባቢዋ ክፍሉን አቋርጣ ሄደች፤ ያስደገፈችው ወንበር አጠገብ ቆማ አንድ እጇን መቆለፊያው ላይ አደረገች።

«ማነው?» አለች፣ በራሷ ድምፅ።