ስለ ስድስቱ ሙታን የተሞላው ቅጽ

ይህችን ልጅ ገድለው ቢጥሉብኝ ምን ይውጠኛል?

እማማ ኤልቫ ራሳቸውን ይህን መጠየቅ ከጀመሩ ሦስት ቀናቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ጃኔል ግንባሯ ተሰፍቶ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ረቡዕ ዕለት ተማሪዎቹን አድርሳ ባዶ አውቶቡስ ስትነዳ፣ አንዱ በመስኮት ድንጋይ ለቀቀባት።

ጥፋቷ ታሪክ መጻፏ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልቀጠራት፣ ቤተ ክርስቲያን አላዘዛት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ እየነዳች ሸለቆውን ያቀኑትን የሞርሞን ሃይማኖት አባቶች አሮጌ ደብዳቤ ስትበረብር ኖረች። የመጀመሪያው መጽሐፏ ከምእመናን መዝገብ አሰረዛት። ሁለተኛው ጎረቤት አሳጣት። ሦስተኛው ቀይ ምንጭ የተባለው ስፍራ ጉዳይ ነው። የዛሬ መቶ ስልሳ ዓመት ስድስት መንገደኛ ነጋዴዎች እራት ተጋበዙ፤ ጠመንጃቸውን ደጅ አስቀምጠው ከማዕድ እንደቀረቡ በመጥረቢያ ተፈለጡ። የሸለቆው ሰው ግን «የገደሏቸው የአገሩ ነባር ጎሣ፣ ፓዩቶች ናቸው» እያለ ልጅ አሳደገ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የእማማ ኤልቫ ልጅ ላማር የበረት ጭቃውን ሳያራግፍ ዘው አለ።

«አንቺ! አሁንም የአባቶቻችንን አጥንት ትለቅሚያለሽ?»

«ቁጭ በል አጎቴ፤ ስትንቀጠቀጥ ሃይማኖትህ የከለከለህን ቡና የጠጣህ ትመስላለህ።»

«አትቀልጂብኝ! ማስረጃ አገኘሁ ብለሻል አሉ።»

ጃኔል ቀና አለች። «ለስድስቱም ሟቾች፣ እንደ ሥርዓታችሁ፣ በቤተ መቅደስ ሕያው ሰው በስማቸው ተጠምቆላቸዋል። ቅጹ ላይ ስማቸው፣ የሞቱበት ቀን፣ ቦታው ሳይቀር ተሞልቷል። መቃብር እንኳ የሌላቸውን ሰዎች ይህን ያህል ያወቀ፣ ገዳዩ የጻፈውን ደብተር ያነበበ ሰው ነው።»

«ቅጹን የሞላው ማነው?»

ጃኔል ፊቷን አዞረች። ላማር ፀጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ስፌቱ ተተረተረ፤ ደሟ አፏ ውስጥ ገባ።

«ማነው አልኩሽ!»

«ብትገድለኝም አልናገርም!»

ደግሞ አላተማት። እማማ ኤልቫ የላማርን ክንድ ያዙ። ልጅቱ ለካ ሁሉን አውቃ እሳቸውን ነው የሸፈነችው!

«ተዋት! የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«እማዬ?»

«ከገዳዮቹ አንዱ ቅድመ አያትህ ነው፤ ደብተሩ ላይ በገዛ እጁ ጽፎታል። አንዱ ነጋዴ ስለ ልጆቹ ሲለምነው መንጋጋውን እንደፈለጠው ሳይቀር። የሟቾቹ ነፍስ ሳትጠመቅ እንዳትቀር ፈራሁና ቅጹን ሞልቼ አስገባሁ። ለነፍስ ያልኩት ምስክር ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ደብተሩን አቃጠልኩት አላልሽኝም?»

«ዋሸሁህ። ለክፉ ቀን ካስቀመጥነው ስንዴ ባልዲ ውስጥ ነው።»

ላማር ወደ ጓዳው ተወረወረ። ጃኔል በሩ ላይ ቆመችበት። ጉሮሮዋን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት፤ እግሯ ወለሉን ለቀቀ፣ ፊቷ ጠቆረ። እማማ ኤልቫ የብረት ድስቱን ክዳን በሁለት እጃቸው አነሡ። ያጠቡትን፣ ያሳደጉትን ልጅ ክንድ ባለ በሌለ ጉልበታቸው መቱት። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። እየጮኸ ወደቀ።

«እጄን ሰበርሽው! ለዚህች ብለሽ?»

«ብትነሣ ሌላኛውንም እደግመዋለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉት እያለቀሱ።

ከዚያ ወደ ጃኔል ዞሩ። «ውሰጂው። የኔንም ስም ጻፊ። እዚህ ቤት ግን ሁለተኛ እንዳትረግጪ፤ ይገድሉሻል።»

ጃኔል ስንዴውን ወለሉ ላይ ገልብጣ ደብተሩን አወጣች። አያቷን አየች፤ በራሷ አንገት ላይ የላማር ጣት ሰንበር ቀልቷል። የሚያቃስተውን አጎቷን ተራምዳው፣ ደብተሩን ደረቷ ላይ አጣብቃ ወጣች።