ከሥራ አስኪያጁ የሚበልጥ መብራት

ሐኪሙ አቶ ሽፈራውን «ስኳርዎን በስፖርት ይቀንሱ» ባላቸው ሳምንት፣ እሳቸው የሚመሩትን የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ሠራተኛ በሙሉ የተራራ ብስክሌት ፍቅር ያዘው። አንድ ፎቅ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ሒሳብ ሹም ሳይቀር ጠባብ ቁምጣ ገዛ።

ከሠራተኞቹ አንዱን፣ አልአዛርን፣ እንኳ በዚህ ማማት አይገባም። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ብስክሌት ነጂ ነው፤ ታቦር ተራራን በጨለማ ወጥቶ ይወርዳል። የእሱ ጭንቅ የምክትል ሥራ አስኪያጅነቱ ቦታ ነው። ሦስት ዓመት ጠብቆት አሁን ክፍት ሆኗል፤ ሲያስበው እህል አይወርድለትም።

ጉዞው ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ከሥራ በኋላ ነው። አቶ ሽፈራው ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ ሱቅ «አስር ሺህ ሉመን» የሚል ጽሑፍ የታተመበት የብስክሌት መብራት በአራት መቶ ብር ገዙ። ያተመው ሰው ቸር መሆን አለበት፤ ከሻማ ብዙም ለማይሻል ዕቃ ያን ሁሉ ሉመን ብርሃን አድሎታል። ማሰሪያው ላስቲክ ስለሆነ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። በማግስቱ ቢሮው በሙሉ ያንኑ ገዛ።

አልአዛር ብዙም ሳያወጣ፣ ግን አገላብጦ መርምሮ የገዛው መብራት ነበረው። አንድ ሺህ ሉመን ብቻ ይላል፣ ያለውን ያህል ያበራል፤ በብሎን ይታሰራል። ታዲያ ከአለቃ በላይ ማብራት ምን የሚሉት ብልግና ነው? ፈቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተውና ባለአራት መቶውን አሰረ።

አለቃን መቅደምም ነውር ነውና ዘጠኝ ሰው ከአቶ ሽፈራው ኋላ ተሰልፎ ወጣ። ሲወርዱ የመሪያቸው መብራት በመጀመሪያ ሰማይ አየ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ልክ ከኋላቸው የነበረው አልአዛር፣ ጎርፍ የቦረቦረውን ጉድጓድ ዓይኑን ጨፍኖም ያውቀዋል፤ አስር ሜትር ቀርቷቸዋል። «ይቁሙ» ሊል አፉን ከፈተ። ሰው ፊት አለቃን ማረም ደግሞ እንዴት ይሆናል? ፈራ፣ ዘጋውም።

አቶ ሽፈራው ከነብስክሌታቸው ገቡበት።

ቁርጭምጭሚታቸው ወለም አለ። የሌሎቹም መብራቶች ተራ በተራ ደክመው ጠፉ። ለሌላው አደጋ ዋስትና የሚሸጠው ሠራተኛ ሁሉ በጨለማ አዘኔታውን እየገለጸ፣ የማን ስልክ ባትሪ እንዳለው ይጠያየቅ ጀመር። ከቢሮ ሲወጡ አልአዛር መብራቱን ሲደብቅ ያየችው የካሳ ክፍሏ ታቢታ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አልአዛር፣ ቦርሳህ ውስጥ ያለውን አውጣው እንጂ» አለችው።

አውጥቶ አበራው። ቁልቁለቱ እስከ ታች ድረስ ወለል ብሎ ታየ። ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጡት አቶ ሽፈራው ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ።

«ይህን ይዘህ ነው የወጣኸው?»

አልአዛር፣ «ከእርስዎ በላይ ማብራት ድፍረት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው» አለ። እውነቱን ነበር።

«ጉድጓዱንስ ታውቀው ነበር?»

«አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ።»

አቶ ሽፈራው የታቢታን እጅ ይዘው ተነሡ፤ መብራቱንም ተቀብላ ከፊት እንድትሄድ ነገሯት። አልአዛር የራሱንና የአለቃውን ብስክሌት እየገፋ፣ እፍረት እየለበለበው ከኋላ ተከተለ። አስፋልቱ ጋ ደርሰው ባጃጅ ከቆመላቸው በኋላ አቶ ሽፈራው ዘወር አሉ።

«እንደምታከብረኝ አውቃለሁ፣ አልአዛር» አሉት። «እንዲህ የሚያከብረኝ ምክትል ከሾምኩ ግን ዓመት አልደፍንም።»