የፎም ክንፎች

ሳሙኤል ቡታጅራ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ቴሌቪዥንና ዲሽ ከሚጠግነው ከከማሉ በላይ የሚቀርበው ጓደኛ አልነበረውም። ያገናኛቸውም አንድ እብደት ነው። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም በጋለ ሽቦ እየቆረጡ ጭራ የሌለው ሰፊ ክንፍ ይሠራሉ፤ ከዚያ ከከተማው በላይ ካለው ተረተር ላይ ወርውረው በሪሞት ያበሩታል። የሚያስነሳው ሞተር የለውም። ዳገቱን ይዞ የሚወጣው ነፋስ ነው የሚሸከመው።

ጨዋታው ፍልሚያ ነው። የሌላውን ክንፍ አየር ላይ ገጭቶ መሬት ያወረደ አሸነፈ። ፎም ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ የተሰበረውን በፕላስተር ጠግኖ እንደገና መወርወር ነው። ከማሉ ሲገጭ ምሕረት አያውቅም። በሳቅ እየፈረሰ ይገጫል።

በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ የሳሙኤል ሚስት ሩት አራስ ነበረች።

«ሰው ከየቤቱ እየታፈሰ አንተ ሪሞት ይዘህ ተራራ ትወጣለህ?» አለችው።

«ፎም እኮ ነው ሩትዬ፤ መጫወቻ።»

«እሱን ለእነሱ ንገራቸው።»

ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ግሩም ነበርና ወጡ። የከማሉ ክንፍ ከላይ ተወርውሮ የሳሙኤልን ክንፍ መታው። ክንፉ እየተሽከረከረ ቁልቁል ሄዶ መንገዱ ዳር ወደቀ፤ የታጠቁ ሰዎች የጫነ ፒክአፕ ከቆመበት አጠገብ።

ሰዎቹ ክንፉን አንስተው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። ሳሙኤል ሪሞቱን እንደያዘ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከማሉ አየው። ከዚያ ሪሞቱን ከእጁ ቀስ ብሎ ተቀብሎ ከራሱ ሪሞት ጎን ሳሩ ላይ አስቀመጠው።

«የማነው ይሄ የስለላ ዕቃ?» አለ አዛዡ።

«ሁለቱም የእኔ ናቸው» አለ ከማሉ። «እሱ መምህር ነው፤ ሲያልፍ አይቶ ነው የቆመው።»

አዛዡ ወደ ሳሙኤል ዞረ። «እውነቱን ነው?»

«አዎ» አለ ሳሙኤል። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ከማሉን እጁን ወደ ኋላ አስረው ወሰዱት።

በማግስቱ የከማሉ እናት ሃሊማ የሳሙኤልን በር አንኳኩ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። አብረኸኝ ሂድና መጫወቻ ነው በልልኝ። አንተ ብትነግራቸው ይሰሙሃል።» እምቢ ማለት አልቻለም፤ ሄደ። እስር ቤቱ በር ላይ የከማሉን ስም ሲጠራ ጠባቂው ከላይ እስከ ታች ቃኘውና «ምንህ ነው?» አለው።

ሳሙኤል ምራቁን ዋጠ። «ጎረቤቴ ነው።»

«ጎረቤት ምን አገባው? ዞር በል!»

ዞር አለ። ሃሊማ ከኋላው ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ብቻቸውን ወደ ጠባቂው ተጠጉ። ሳሙኤል እዚያው ትቷቸው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከማሉ የተፈታው ከወራት በኋላ፣ ከሩቅ ካምፕ ነው። አንድ ጆሮው አይሰማም። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቀጭን ሽቦ መበየድ አይችልም። ሱቁንም ባለቤቱ ለሌላ አከራይቶታል። ሳሙኤል ሊጠይቀው ሲሄድ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«እንኳን ለቤትህ አበቃህ።»

«አልሐምዱሊላህ። አራሷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ልጅቷን ኤደን አልናት።»

«ማሻአላህ። አላህ ያሳድጋት።»

ሳሙኤል መቀመጥም መቆምም አቃተው። «ከማሉ፣ ያን ቀን እኔ…»

«ተራራው ላይ የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለ ከማሉ። ደህናውን ጆሮውን ወደ እሱ አዙሯል። «አራስ ቤት ውስጥ እያለች አንተ እንድትታሰር አልፈለግሁም። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው ነው የማደርገው፤ በእሱ አልቀየምህም። እናቴ ግን የበሩን ነገረችኝ። እዚያ በር ላይ ማን አስገደደህ?»

ሳሙኤል ዓይኑን ወደ ግቢው በር አዞረ። ሃሊማ ከጓዳ ብቅ ብለው እንደ ማንኛውም እንግዳ «ደህና ነህ ወይ?» አሉት። ከዚያ በላይ ሊቆም አልቻለም።

ብዙም ሳይቆይ ከማሉ እናቱን ይዞ አጎቱ እህል ወደሚነግድባት የቅርብ ከተማ ወደ ቆሼ ሄደ። ሳሙኤል የሰማው ከሌላ ሰው ነው። ሩት «ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው እንጂ፤ ቆሼ ሩቅ ነው እንዴ?» እያለች ትወተውተው ነበር። እውነቷን ነው፤ ሩቅ አይደለም። ከአንዴም ሁለቴ የቆሼ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ መስኮቱ ጥግ ተቀምጧል። ሰው ሞልቶ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ግን «ወራጅ!» ብሎ የሰዉን ጉልበት እየተሻገረ ይወርዳል።